የኋላ ታሪክ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ቦታ ይሰጠው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በወጣቶች ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ተጫዋቾች ከመጀመራቸው በፊት የገጸ ባሕርያቸውን የሕይወት ታሪክ ከልደቱ አንሥተው በሰፊው እንዲጽፉ፣ ዳይሱና የቁጥር ሕጉ ግን በተቻለ መጠን እንዲቀነስ፣ ቢቻል ደግሞ ጭራሹን እንዲቀር መክረዋል። ምክንያታቸው ተረት ያሳደገን ሕዝብ ስለሆንን ታሪክ ለመፍጠር ቆጠራ አያስፈልገንም የሚል ነው። በባሕር ዳር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቼና ከጓደኞቻቸው ጋር ይህንኑ ጨዋታ የምመራ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ምክሩን ሰምተው ጨዋታ የሚጀምሩ ወጣቶች በሁለተኛው ሳምንት እንዳይሰለቹ ስለ ሠጋሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። በእኔ እምነት የኋላ ታሪክ የቱንም ያህል ቢያምር የጨዋታው ሕግ ዋጋ ካልሰጠው በቀር ጠረጴዛው ላይ አይሠራም፤ ታሪኩን አብዝቶ ሕጉን ማጥፋት ታሪኩን ራሱን ከወረቀት እንዳይነሣ ያደርገዋል።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ልግለጽ። ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንደኛው የጨዋታ መሪ ሆኖ አገሩን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የሚያጋጥሙ ሰዎችንና አደጋዎችን ይናገራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚል ይወስናሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ የገጸ ባሕርዩ ችሎታም በቁጥር ተጽፎ በዳይሱ ላይ ይደመራል። የሚያዝ ገንዘብ የለም፣ የሚበላ ውርርድ የለም፤ ስለዚህ ዳይስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቁማር ትዝ የሚላቸው ወላጆች አንድ ቅዳሜ መጥተው ቢያዩ ሥጋታቸው የሚቀልላቸው ይመስለኛል።

ስለ ባህላችን የተባለውን በቅድሚያ ላንሣ፤ ጸሐፊው የጠቀሱት ባህል ራሱ ይከራከራቸዋልና። የእንቆቅልህን ጨዋታ የማያውቅ አንባቢ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው ነገሩ በዝምታ አይታለፍም፣ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሌላ አገር ሰጥቶ ነው መልሱን የሚሰማው፤ አገሩ ያልጣመው ጠያቂ አልቀበልም ብሎ ሌላ ያስጨምራል፤ ከተቀበለ በኋላም በተሰጠው አገር እንዴት እንደ ተንደላቀቀ፣ ተሸናፊው ደግሞ እንዴት እንደ ተጎሳቆለ እያስፋፋ ያወራል። ልጆችን የሚያስቀው ይህ ወሬ የፈለቀው አንድ ቁርጥ ያለ ሕግ ስላለ ነው፤ አለማወቅ አገር ያስከፍላል። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ያላወቀው ልጅ «አላውቅም» ብሎ ዝም ይል ነበር፣ ወሬውም አይመጣም ነበር። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ስለ ጦርነት አንድ ቃል ሳይነገር የክተት ጥድፊያው በተጫዋቾቹ እጅ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ሚና ጨዋታው ልመለስ። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የዘርፉን ቀደምት ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ሲያሳትሙት መነሻው የጦርነት ጨዋታ ነበር። ትልቁ ለውጥ አንድ ተጫዋች ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ብቻ መያዙ ነው። ያ ሰው ታሪክ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሦስት ዳይሶች እየተጣሉ ጥንካሬውን፣ ቅልጥፍናውን፣ ብልሃቱንና የመሳሰሉትን ስድስት ባሕርያት በቁጥር ይሞሉለት ነበር፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 18 ነው፤ 18 የሚወጣው ደግሞ ከ216 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም ታሪክ የሌላቸው እነዚያ ገጸ ባሕርያት አንድ የታወቀ ጠባይ ነበራቸው፤ ይሹለኮሉ፣ ይደራደሩ፣ ውጊያን ይሸሹ ነበር። ይህ ጠባይ የመጣው ከሕጉ ነው። ገጸ ባሕርዩን የሚያሳድገው የልምድ ነጥብ በአብዛኛው የሚገኘው ከጭራቅ ግድያ ሳይሆን ጀብዱው ከሚካሄድበት ምድር ቤት በሚወጣው ሀብት ስለነበር፣ ወርቁን ይዞ ሳይቧጠጥ የወጣ ሰው ከተዋጋው ይልቅ ይጠቀም ነበር። የነጥቡ ምንጭ ወደ ግድያው ሲያዘነብል ደግሞ ተጫዋቾቹም ወደ ሰይፉ አዘነበሉ። በ1981 በሳንዲ ፒተርሰን የተዘጋጀው ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ታሪኮች ጨዋታ የአእምሮ ጤንነትን በቁጥር ለክቶ፣ አስፈሪ ነገር ባዩ ቁጥር ወይም የተከለከለ መጽሐፍ ባነበቡ ቁጥር እንዲቀንስ አደረገ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጀግና ነኝ የሚለው ተጫዋች እንኳ በር ከመክፈቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

እኛ የምንጫወተው ጨዋታ የተቀመጠው በጣና ላይ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ከተዉ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ይህን ዘመን የመረጥኩት ለቤተ መንግሥቱ ድምቀት ብዬ አይደለም። በዚያ ዘመን በአንድ ታንኳ ላይ ሊሳፈሩ ከሚችሉ አራት ሰዎች ሁለቱ በሃይማኖቱ ጦርነት ተቃራኒ ወገን ቆመው የነበሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ያለፈው ነገር ገና ያልበረደ ስለሆነ ነው። ገጸ ባሕርያቱ አንድ የደቅ ደሴት ታንኳ ቀዛፊ፣ አንድ ዲያቆን፣ አንዲት የዘጌ ነጋዴና ቀድሞ የንጉሡ ወታደር የነበረ አንድ ሰው ናቸው።

ታንኳው እንደምታውቁት ከደንገል የተሠራ ነው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ካልደረቀም ይከብዳል። ስለዚህ ታንኳው ድርቀት የሚባል ቁጥር ተሰጠው። ከ6 ይጀምራል፤ በውኃ ላይ ባለፈው በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ይቀንሳል፤ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካደረ ይመለሳል፤ ዜሮ ከደረሰ ጭነት መጣል ግድ ይሆናል። በሐይቁ ላይ ጠዋት ውኃው ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሣም እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በዚህም ምክንያት ለመቅዘፍ የሁለት ዳይስ ድምር ጠዋት 8 የሚበቃው ከእኩለ ቀን በኋላ 10 እንዲያስፈልግ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር በየትኛውም የኋላ ታሪክ ውስጥ አልተጻፈም። ተጫዋቾቹ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ጀመሩ፤ በዘጌ ዳር ማደርን ለመዱ፤ የዲያቆኑ የብራና ሣጥን ይጫን አይጫን በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ገጠሙ። ቀዛፊውን የሚጫወተው ዝምተኛ ልጅ፣ በሌላ ቀን አንድ ቃል የማይወጣው፣ ጭነት የሚወስን ሰው ሆነ። ስለ ደቅ ደሴት ሦስት ገጽ ከሚጽፍልኝ ይልቅ ያቺ የድርቀት ቁጥር ደሴተኛ አደረገችው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ትንሽ ብዘረዝር አንባቢያን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጸሐፊው ቆጠራ ብለው ያጣጣሉት ነገር የገጸ ባሕርዩ ያለፈ ሕይወት መታመኑንና አለመታመኑን የሚወስነው እሱ ነውና። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚታወቀው ዳይስ ባለ 20 ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ እኩል፣ ይኸውም 5 በመቶ ነው። ይህን ዳይስ እዚህ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ እኛ የምንጠቀመው ከሉዶ ሣጥን የወጡ ሁለት ተራ ዳይሶችን ነው። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት ውጤት አለ፤ ከነዚህ 7 በስድስት መንገድ ይገኛል፣ 2 እና 12 ግን በአንድ አንድ መንገድ ብቻ። አሁን ዕድሜውን በመቅዘፍ ያሳለፈ ሰውና መቅዘፊያ ይዞ የማያውቅ ሰው አንድ ዓይነት ውኃ ይሻገሩ እንበል፤ ለቀዛፊው ልምድ 2 ተጨምሮለታል። በባለ 20ው ዳይስ 11 እና ከዚያ በላይ ቢያስፈልግ፣ ያልለመደው 50 በመቶ፣ ቀዛፊው 60 በመቶ ይሳካላቸዋል፤ ዕድሜ ልክ የተደከመበት ሙያ ከዐሥር ሙከራ አንዷን ብቻ ጨመረ ማለት ነው። በሁለቱ ዳይሶች 8 ቢያስፈልግ ግን ያልለመደው ከ36 በ15ቱ፣ ይኸውም 42 በመቶ ገደማ፣ ቀዛፊው ከ36 በ26ቱ፣ 72 በመቶ ገደማ ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ያልለመደው ከስድስት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሳካለት ቀዛፊው ጠዋት ያልለመደው ሰው በነበረበት ዕድል ላይ ይቆማል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር በሁለቱም ጠረጴዛ ያው «ዕድሜውን በጣና ላይ የቀዘፈ» የሚል ነው። በአንደኛው ጠረጴዛ ግን ጓደኞቹ መቅዘፊያውን ለማን እንደሚሰጡ ሳይጨነቁ ይቀጥላሉ፣ በሌላኛው ያለ እሱ አይንቀሳቀሱም። በባለ 20ው ዳይስ የሚጫወቱ ሰዎች የተሳሳተ ነገር ያዙ እያልኩ አይደለም፤ በእነሱ ጨዋታ የሚደመረው ቁጥር እያደገ ይሄዳል፣ ያልተጠበቀ ውድቀትና ያልተጠበቀ ድልም የጨዋታው ጣዕም ነው። ሆኖም የሙያተኛን ታሪክ ጽፎ ለመጫወት የተቀመጠ ሰው የትኛው ዳይስ ለታሪኩ እንደሚመሰክርለት ማወቅ አለበት።

ስለ ረጅም የሕይወት ታሪክ ሲነሣ፣ እዚሁ ከተማ በሌላ ጠረጴዛ ሲጫወት የተመለከትኩት አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ስለ ገጸ ባሕርዩ ስድስት ገጽ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉም የሚነበብ ነው። ገጸ ባሕርዩ የመስፍን ልጅ ነው፤ አባቱ በግፍ ተገድሏል፤ በገዳም ተደብቆ አድጓል፤ ገዳዩን ፈልጎ አግኝቶ ተበቅሏል። ችግሩ ሁሉም ነገር መጠናቀቁ ነው። በቀሉ ተፈጽሟል፣ ዕዳ የለም፣ የሚፈልገው ሰው የለም፣ የሚፈራው ሰው የለም። የገጸ ባሕርዩ ችሎታ በቁጥር በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ደግሞ ከስድስቱ ገጽ አንዳች አልተላለፈም፤ ጥንካሬ፣ የጤና ነጥብ፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ በቃ። ሽፍቶች መንገድ ላይ ሲያጋጥሙ ወጣቱ ቅጹን ዐየ፤ ቅጹ የሚያውቀው መምታትን ብቻ ስለሆነ መታ። በገዳም ያደገው የመስፍን ልጅ ከማንኛውም ባለ ሰይፍ የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

ለዚህ ችግር የጨዋታ ደራሲዎች ያቀረቡት የመጀመሪያው መፍትሔ ታሪኩን በቅድሚያ መግዛት ነበር። በ1986 በስቲቭ ጃክሰን የተዘጋጀው ገርፕስ የተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርዩ ችሎታ የሚያወጣው የተወሰነ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጉድለት ከጻፈ ደግሞ፣ ጠላት ቢኖረው፣ ዕዳ ቢኖርበት፣ ቁጡ ቢሆን፣ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ለነገሩ እኔም የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይማርከኛል። ነገር ግን ክፍያው የሚፈጸመው ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ነጥቡን በልቶ የጨረሰ ተጫዋች ጠላቱ በጠረጴዛው ላይ ባይመጣ ደስ ይለዋል፤ እንዳይመጣም ይጥራል። የጨዋታ መሪው ካላስታወሰው በቀር ያ ጠላት ወረቀት ላይ እንደ ታሰረ ይቀራል። በ2013 እንደገና ተሻሽሎ የወጣው ፌት የተባለው ጨዋታ ግን ክፍያውን ገለበጠው፤ ጉድለቱ ሲጻፍ ምንም አይከፈልም፣ በጨዋታው መሐል መጥቶ ችግር ሲፈጥር ነው ተጫዋቹ ነጥብ የሚያገኘው። ነጥቡን በኋላ ለድል ስለሚጠቀምበት ተጫዋቹ ራሱ «ጠላቴ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ያው ታሪክ፣ ያው ጠላት፣ የክፍያው ጊዜ ብቻ ተለውጦ ሁለት የማይመሳሰሉ ተጫዋቾች ይወጣሉ። በአምስተኛው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም፣ በ2014፣ እምነት፣ ትስስርና ጉድለት በቅጹ ላይ ቦታ አግኝተው፣ እንደነሱ ለተጫወተ ሰው መሪው ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን የመውሰድ መብት እንዲሰጠው ተደርጓል። የባለ 20ው ዳይስ አማካይ በዚህ ከ10.5 ወደ 13.8 ገደማ ይወጣል፤ ሽልማቱ ቀላል አይደለም፣ ነገር ግን በመሪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ በብዙ ጠረጴዛ ይረሳል።

እኛም የፌትን የክፍያ መንገድ ወስደን አቅልለነዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ስለ ገጸ ባሕርዩ አንድ ዕዳና አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፤ ዕዳው ለሰው ያለበት ወይም የተደበቀ ነገር ነው፣ ቃሉ ደግሞ የማይጥሰው መሐላ። መሪው በጨዋታው መሐል ዕዳውን ሲያነሣ አንድ የቡና ፍሬ ወደ ተጫዋቹ ይገፋል፤ ተጫዋቹ ፍሬውን ከወሰደ ዕዳው ይገለጥበታል፣ ካልፈለገ ግን የራሱን አንድ ፍሬ ከፍሎ ያስቀረዋል። ፍሬ ያለው ሰው በኋላ ዳይስ እንደገና የመጣል መብት አለው።

ወታደሩን የምትጫወተው ልጅ የጻፈችው ዕዳ አንድ መስመር ብቻ ነበር። በጦርነቱ ቀን ከሌላው ወገን አንድ የሚያውቀውን ሰው ማርኮ ለአለቃው ሰጥቷል፤ ሰውየው ተገድሏል፤ ይህንን ያየ አንድ ምስክር አለ። ታንኳቸው ዳጋ እስጢፋኖስ ዳር ሲደርስ፣ ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ሊወጡ፣ ነጋዴዋ እንደ ሥርዓቱ ዳር ልትቀር ሲሰናዱ፣ የሚቀበላቸው መነኩሴ ወታደሩን ትኩር ብሎ እንዳየው ተናግሬ ፍሬውን ወደ ልጅቱ ገፋሁ። ፍሬው በጠረጴዛው መሐል ቆመ። እጇን ዘርግታ ሳትነካው «ቲቸር፣ ብወስደው ዲያቆኑም ይሰማል?» አለችኝ። ይሰማል አልኳት። የዲያቆኑ ዕዳ የአባቱን ገዳይ ስም አለማወቁ እንደሆነ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ የሁለቱን ዕዳ ያገናኘው ግን እስከዚያች ደቂቃ ማንም አልነበረም። ዲያቆኑን የሚጫወተው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠ። ከእሷ በኩል አንድ ፍሬ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከፍላ ዝም ማሰኘት ትችላለች፣ ነገር ግን በመልሱ ጉዞ ነፋስ አለ፣ ታንኳውም ድርቀቱ 2 ደርሷል። ትንሽ አስባ ፍሬውን ወሰደች። የዚያ ቀን ጨዋታ ከዚያ በኋላ ዳይስ ሳይጣልበት በሁለቱ ልጆች ንግግር አለቀ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዷ ትመልሳለች፣ ቀዛፊውና ነጋዴዋ መሐል ይገባሉ። ጸሐፊው የሚመኙት ከቆጠራ ነፃ የሆነ የታሪክ ጊዜ ይህ ከሆነ፣ ወደዚያ ያደረሰን አንዲት የቡና ፍሬና አንዲት 2 ቁጥር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።

ከዚህ አልፈው የኋላ ታሪኩን ከነጭራሹ ለሕጉ የሰጡም አሉ። በ1977 በማርክ ሚለር የተዘጋጀው ትራቨለር የተባለው የጠፈር ጨዋታ ገጸ ባሕርዩን ከ18 ዓመቱ ጀምሮ በአራት አራት ዓመት አገልግሎት ያሳልፈዋል፤ በእያንዳንዱ አገልግሎት ሙያ ይማራል፣ ይሾማል፣ በዳይስ ካልቀናውም ይሞታል። አዎን፣ ጨዋታው ሳይጀመር ይሞታል፤ ተማሪዎቼ ይህንን ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ እንሞክረው አሉ። ከ34 ዓመት ጀምሮ እርጅናም ቁጥሮቹን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ተጫዋቹ በየአራት ዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ልውጣ ወይስ አንድ ዙር ልጨምር? ከዚህ የሚወጣው ታሪክ የመስፍን ልጅ ታሪክ አይደለም፤ ሹመት ተነፍጎት ጡረታ የወጣ መርከበኛ፣ ፈልጎት ያልነበረውን ሙያ የተማረ ሰው ነው። ያልመረጠው ነገር ስላለበት ተጫዋቹ ራሱ ሊያውቀው ይጓጓል። በ2017 በጆን ሃርፐር የተዘጋጀው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የተባለው የሌቦች ጨዋታ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያዘ፤ የኋላው ነገር በቅድሚያ አይጻፍም፣ ችግር ላይ የወደቀው ተጫዋች በጨዋታው መሐል ወደ ኋላ ተመልሶ «ትናንት ለዘበኛው ጉቦ ሰጥቼው ነበር» ማለት ይችላል፤ የነገሩ ክብደት ታይቶ የጭንቀት ነጥብ ይጨመርበታል። ከበድ ያለ ያለፈ ነገር ነፃ ስላልሆነ ሰው እንደ ልቡ አይዋሽም።

ይህ ሁሉ ሲባል ታሪክ መጻፍ የሚወዱ ተማሪዎችን አትጻፉ ማለቴ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ከመጠን ሲበዛ ተጫዋቹን ወደ ሒሳብ ሠራተኛነት ያወርደዋል፤ በየደቂቃው ሠንጠረዥ የሚገለጥበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ አንድ ውጊያ ሻይ ሁለት ጊዜ እስኪፈላ አላለቀም። የእኔ አቤቱታ መጠኑ ላይ አይደለም። አንድ መስመር ታሪክም ሆነ አንድ ገጽ፣ ቅጹ ላይ የሚታይ፣ ዳይሱን የሚነካ ወይም ፍሬ የሚያስከፍል እጅ ይኑረው ነው የምለው። እጅ የሌለው ክፍል ለሚጽፈው ሰው ደስታ ይቅር፣ ጓደኞቹ ግን እንዲያስታውሱት አይገደዱ።

ስለዚህ ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ለጀማሪዎች ያቀረቡትን ረጅም የመጠይቅ ቅጽ፣ ከትውልድ መንደር እስከ ተወዳጅ ምግብ የሚጠይቀውን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስታትሙ አሳጥራችሁ እንድታወጡት እጠይቃለሁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ገጸ ባሕርዩ ለማን ምን ዕዳ አለበት፣ ምን ላያደርግ ምሏል፣ ከጓደኞቹ ይልቅ የሚያውቀው ሙያ ምንድን ነው። በሦስቱም ጥያቄዎች ጎን ለቁጥር የሚሆን ባዶ ሣጥን ይተውላቸው፤ በተለይ በሦስተኛው ጎን፣ ሁለት ዳይስ ለሚጠቀሙ ሰዎች 2 የምትለዋ ቁጥር ብትታተም ጀማሪዎቹ ከየት እንደሚነሡ ያውቃሉ። ዳይስ ላላገኙ ደግሞ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ስድስት ቁርጥራጭ ወረቀቶች በሁለት ስኒ ውስጥ ከትተው ከየስኒው አንድ አንድ እያወጡ ቢደምሩ ያው የ36ቱ ሒሳብ ስለሚመጣላቸው፣ ይህችንም ከቅጹ ሥር ብታክሉላቸው መልካም ነው፤ የወጣው ወረቀት በየጊዜው ወደ ስኒው መመለስ እንዳለበት ግን እንዳይረሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከባሕር ዳር